ጥቁር የመሰለኝ ሰማያዊ ጥለት

ይህን የምጽፈው የቀለም ማቅጠኛውን ቲነር እየማጋችሁ እንጀራ ለምትበሉ ሰዎች ነው፤ በር ለምትቀቡ፣ መኪና ለምትረጩ፣ ጫማ ለምታጣብቁ። ሌላው ቢያነበው ግን ደስ ይለኛል፤ በዚህ ሥራ የሚኖር ባል ወይም ወንድም የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ስሜ ስጦታው ነው። ላሊበላ ከተማ የብረት በርና መስኮት ቀለም ቀቢ ነኝ፤ «ነበርኩ» ለማለት ተቃርቤ ነው የተመለስኩት። ሕመሜ አልጋ ላይ የሚጥል ዓይነት አልነበረም። ሐኪም ደህና ነህ ሲለኝ፣ እኔም ደህና ነኝ ስል ውስጥ ውስጡን የከረመ ሕመም ነው። መታመሜ የታወቀው ልጃቸው በሕይወት ላለ እናት ገበያ መካከል «እግዜር ያጥናዎ» ያልኩ ቀን ነው። እኒያ እናት ዘነበች ይባላሉ፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ዛሬ ቀለም ለይቼ እንጀራዬን የምበላው በእሳቸው ነው ብል አላጋነንኩም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

የምሠራው አያ መኮንን በሚባሉ ሰው ወርክሾፕ ነው። እሳቸው ብረቱን ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ፤ እኔ እቀባለሁ። ከወርክሾፑ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። የላስታን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ረፋዱ ላይ ይነሳና አቧራውን ይዞ ይዞራል። ትኩስ ቀለም ላይ አቧራ ካረፈ በሩ እጅ ሲዳብሰው እንደ አሸዋ ይሻክራል። ስለዚህ የክፍሏን መዝጊያ ዘግቼ፣ ቀዳዳዋን በጨርቅ ወትፌ፣ በኮምፕሬሰር እረጭ ነበር። «የስጦታው በር መስታወት ነው» ይባልልኝ ነበር፤ እኔም ምስጋና አልጠላም። ማታ ስወጣ እጄን የምታጠበው በሳሙና ሳይሆን በዚያው በቲነር ነው።

ጎጂ መሆኑን አናውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። እናውቃለን፤ መድኃኒቱንም የምናውቅ ይመስለናል። መድኃኒቱ ወተት ነው። «ወተት የጠጣ ቀለም አይነካውም» እያለ አንዱ ቀቢ ለሌላው ያስተላልፋል። እኔም ባለቤቴ የሺ በየቀኑ የምትልክልኝን ወተት ጭልጥ አድርጌ «በል እንግዲህ» ብዬ ወደዚያች ክፍል እገባለሁ። ጸበል የጠጣሁ ያህል ነበር ልቤ የሚሞላው።

ታዲያ የገና ጾም ሲገባ ነገሩ ይበላሻል። ጾም ነውና ወተት የለም። እኛ አገር ደግሞ ለገና ሕዝበ ክርስቲያኑ ከየአቅጣጫው ስለሚጎርፍ፣ ሆቴሉም ሱቁም በሩን የሚያሳድሰው በዚያው በጾሙ ነው። ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል፣ ከክፍሏ ስወጣ መሬቱ ይዞርብኛል፣ የያዝኩትን መፍቻ ረስቼ መፍቻ እፈልጋለሁ። እኔ ጥፋቱን የጫንኩት በጾሙ ላይ ነው። ወተት ስላጣሁ ነው ብዬ ወደ ነፍስ አባቴ፣ ወደ ቄስ አለሙ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ለሥራዬ ስል ወተት ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው።

ቄስ አለሙ ጨዋታ ያውቃሉ። ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና «ወተቱንስ ልፍቀድልህ፤ ቲነሩን ማን ፈቀደልህ?» አሉኝ።

ስቄ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር የመሰለኝ።

ቤቴ ውስጥ ግን ሳቅ እየጠፋ ሄደ። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ። ማታ ስገባ እግሬ ይወላከፋል። ጎረቤት «ባልሽ ከጠጅ ቤት ነው እንዴ የሚመጣው?» ብሏት ኖሮ፣ የሺ በሩ ላይ ጠብቃ አፌን ታሸታለች። በአፌ ጠጅ የለም፤ ግን የቲነሩ ሽታ ሌላ መጠጥ ይመስላታል። «ማልልኝ» ትላለች። እምላለሁ። አታምነኝም። ፊቷን አዙራ የምትተኛበት ጊዜ መጣ። ባልጠጡት መጠጥ መጠርጠር ምን ያህል እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

ቀለሙስ? ቀለሙ ሳላውቀው ነው የሄደው። ቀይ ቀይ ነበር፤ ጥቁርና ነጩም በቦታው ነበር። የጠፋው ሰማያዊውና ቢጫው ነው፤ የሚጠፋውም ቀስ እያለ ስለሆነ ዐይኔ እየለመደው ሄደ። አንድ ጊዜ ለሆቴል መስኮት ውሃ ሰማያዊ አዘዙኝና ቀላቅዬ ቀባሁ። ባለቤቱ መጥተው «ስጦታው፣ ሰማይ ስልህ ሣር አመጣህልኝ?» አሉኝ። አያ መኮንን ጥፋቱን በቀለም ፋብሪካው አሳበቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ትቼ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ሌላ ቀን መንገድ ላይ አንድ አባት ሲመጡ ነጭ ጋቢ የለበሱ ገበሬ መስለውኝ «እንዴት ዋሉ» ብዬ አለፍኩ። የሺ ክንዴን ይዛ «ምነው መነኩሴ ስታይ መስቀል አትሳለምም?» አለችኝ። የለበሱት ወይባ ነበር፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው የመነኮሳት ቢጫ ልብስ። ለእኔ የታጠበ ነጭ ነበር።

ሕክምና አልሄድክም ወይ ትሉ ይሆናል። ሄጃለሁ እንጂ! መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ራሴን ያመኛል ስላቸው ደም ወሰዱና ታይፎይድ አሉኝ፤ ታይፈስም ጨመሩልኝ። ከእነዚህ ሁለቱ ያመለጠ ያገሬ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። መርፌውን ተወጋሁ፣ ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ራስ ምታቱ ግን ከእኔ ጋር ዋለ አደረ። ሌላው ጋ ዐይኔን ያቃጥለኛል ብዬ የዐይን ጠብታ ተሰጠኝ። ሦስተኛው ጋ በወረፋ ስንቆይ ውለን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፊደል አሳዩኝ። ከላይ እስከ ታች አንበለበልኩት። «ዐይንህስ የንስር ነው» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ፊደሉ በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ነው፣ እኔም ስለ ቀለም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ቀለም ቀቢ ሆኖ ቀለም አልለይም ማለት፣ መሪጌታ ሆኖ ዜማ ጠፋኝ እንደማለት ነው። ፈራሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም፤ ቤቴም የቆመው በእሱ ነው።

በመጨረሻ የሺ «ጸበል እንሂድ» አለችኝና የእሷ ቤተሰቦች ወዳሉበት ወደ ገነተ ማርያም ሄድን። እዚያ ከርሜ ስጠመቅ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ከየሺም ጋር ስቀን ማውራት ጀመርን። ዳንኩ ብዬ ስለት አስገባሁ። ተመልሼ ያችን ክፍል በከፈትኩ በሳምንቱ ሁሉም ነገር ተመለሰ። «እምነትህ ጎድሎ ነው» ያሉኝ አሉ። እኔም አመንኳቸው።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

እትዬ ዘነበች ገበያ ላይ ክር ነው የሚሸጡት፤ ድርና ማግ፣ ለነጠላ ጥለት የሚሆን ባለቀለም ክር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ደሳለኝ ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ኔትወርኩም ጠፍቶ ስለነበር ልጃቸው ድምፁ አልተሰማም። እኔ ይህን አላውቅም። ባጠገባቸው ሳልፍ ቀና ብዬ አየኋቸው፤ የነጠላቸው ጥለት ጥቁር ነው። ጥቁር ጥለት ደግሞ ሐዘን ነው። አንገቴን ደፋሁና እንደ ወጉ «እትዬ፣ አልሰማሁም ነበር፤ እግዜር ያጥናዎ» አልኳቸው።

እጃቸው ላይ የነበረው የክር ጥቅል መሬት ወደቀ።

«ምኑን ነው የሚያጥናኝ?» አሉ። ዐይናቸው ፊቴ ላይ ተተከለ። «ስጦታው፣ ምን ሰማህ? ልጄን ነው? ልጄን ነው አይደል!»

መልስ እስክሰጥ አልጠበቁም። ደረታቸውን ይዘው «ወየው ደሳለኜ!» ሲሉ ገበያው በሙሉ ዞረ። አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ሰው ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አጽናኝ ተዘጋጅቶ ነው። እኔ ያልሞተ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መካከል አረዳሁ። «አይደለም እኮ! ጥለቱን አይቼ ነው!» ብል ማን ይሰማኛል? ሴቶቹ ደግፈው ወሰዷቸው፤ ወንድሞቻቸው እኔን ፈለጉ። ድንኳን ሊተከል ቋሚው ወጥቶ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ደሳለኝ ነበር።

«እማዬ፣ ጋሸና ነኝ። ኔትወርክ አሁን ገና አገኘሁ፤ ምሳ እየበላሁ ነው።»

እትዬ ዘነበች በእንባቸው መካከል «አንተ እዚያ ትበላለህ፣ እኛ እዚህ ተዝካርህን ልንበላ ነው!» አሉት ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ አያ መኮንን ወርክሾፕ ውስጥ ደብቀውኝ ነበር።

ከዚያ ስሜ «ሟርተኛው» ሆነ። በሰላም ባለ ሰው ላይ ሞት የጠራ ምን ይባላል? የሺ ሳትቀር «ጠጥተህ ነው» አለችኝና አለቀሰች። በማግስቱ ቄስ አለሙ ሽምግልና ይዘውኝ ሄዱ። እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ደጃቸው ላይ ተንበረከክሁ። የሺም ከኋላዬ ነበረች።

እትዬ ዘነበች ወጥተው አዩኝ። «አውርደው ድንጋዩን» አሉ። «ድንጋይ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ በሬን ብትቀባልኝ ይሻለኛል።»

ይቅርታው በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «ለመሆኑ ምን አይተህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጥቁር ጥለት አይቼ ነው እትዬ።»

«ጥለቱ ወደ ታች ነው የነበረ፤ ሐዘንተኛ እኮ ገልብጦ ነው የሚለብስ።»

«እሱን ልብ አላልኩም። ጥቁሩን አይቼ ደነገጥኩ።»

ተነስተው ገቡና ነጠላውን አምጥተው ጉልበቴ ላይ ዘረጉት። «ይህን ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ጥቁር ነው?»

ሰዉን አየሁ። ሁሉም እኔን ያያል። ቄስ አለሙ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሰማያዊ ነው እኮ» አሉኝ። እትዬ ዘነበች መልስ ሳይጠብቁ የክር ዘንቢላቸውን አምጥተው ፊቴ ዘረገፉት። «ቀዩን አንሳ» አሉ፤ አነሳሁ። «ጥቁሩን አንሳ»፤ አነሳሁ። «እሱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው። ቢጫውን አንሳ።» ፈለግሁ። እጄ ክሩ ላይ ሲዞር ቆይቶ አንዱን አነሳ። የሺ ጮኸች፤ ያነሳሁት ነጭ ነበር።

እትዬ ዘነበች ወደ ወንድሞቻቸው ዞሩ። «ይሄ ልጅ አላሟረተም» አሉ። «ታሟል።»

አለቀስኩ። ስንት ጊዜ ደህና ነህ ከተባልኩ በኋላ፣ ታሟል የሚል ሰው ማግኘት እንዲህ ያሳርፋል ብዬ አላስብም ነበር። የሺም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። እትዬ ዘነበች ትናንት በእኔ አፍ ልጃቸውን ቀብረው የዋሉ ናቸው። እርግማናቸውን ቢያወርዱብኝ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ጥፋቴን ትተው ስለ ዐይኔ ጠየቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቅነት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ እኔ የምጠራው ስም አለኝ።

ለዐይኔ ሕክምና ደሴ ሆስፒታል ያደረሰኝ ማን ይመስላችኋል? ደሳለኝ ነው። እናቱ አዝዘውት ከየሺ ጋር በጭነት መኪናው አሳፈረን። «ና ከፊት ተቀመጥ» አለኝ፤ «ገድለኸኝ ስታበቃ እኔው ላሳክምህ።» እስከ ጋሸና ድረስ በዚህ ሲያሾፍብኝ፣ የሺም ስትስቅ ሄድን። ጋሸና ምሳ ስንበላ «እነሆ ሬሳው የበላበት ወንበር» ብሎ አስተናጋጇን አስደነገጣት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ከወረባቦ የመጡ አንዲት ሙስሊም እናት ዐይናቸው ታሽጎ፣ ተምር ከቦርሳቸው እያወጡ ለሁላችንም ያድሉ ነበር። «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያሽርህ» አሉኝ። የማያዩኝ ሴት ፊቴ ላይ ያለውን ፍርሃት ከድምፄ አውቀውት ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ዐይኔን ከማየቷ በፊት የጠየቀችኝ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ነው። ነገርኳት፤ ክፍሏን፣ የተወተፈውን ቀዳዳ፣ በቲነር መታጠቡን፣ ወተቱን ሳይቀር። ከዚያ ቀለማቸው በጥቂት በጥቂቱ የሚለያይ ክብ ክብ ጠጠሮች ሰጥታ በተራ አሰልፋቸው አለችኝ። በኩራት አሰለፍኳቸው። ገልብጣ ከሥር ያለውን ቁጥር ስታሳየኝ እንደ ገበያ ግርግር ተደበላልቋል።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። የቲነሩ ሽታ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ነርቭ ይሄዳል። ዐይን ያየውን ወደ አእምሮ የሚያደርሰው ነርቭ ሲደክም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ሰማያዊና ቢጫ ነው። ፊደል ግን ደህና ይነበባል፤ ለዚህ ነው ሳይታወቅ የሚከርመው። ራስ ምታቱም፣ መርሳቱም፣ መንገዳገዱም ከዚያው ነው። የሺ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

«ጸበሉስ?» አልኳት።

«ጸበሉ ከቲነሩ አርቆሃል» አለችኝ፤ አላፌዘችም። «እዚያ የተሻለህ ለዚህም ነው። ወተቱንም ጠጣ፣ ለሰውነት ጥሩ ነው፤ ቲነር ግን አይመልስልህም።» መነጽርም ጠብታም አላዘዘችልኝም። መድኃኒቱ መራቅ ነው አለችኝ፤ ለወራት። ከዚያ ምናልባት ይመለሳል፣ ምናልባት ከፊሉ ይቀራል። ወደ ሥራው ብመለስ እንኳ በተዘጋ ቤት አይሆንም፤ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰርም ዋጋ የለውም፣ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል፤ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል።

ስንመለስ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ነበር። አያ መኮንን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መቁረጫቸውን አንስተው ወደ ጀርባ ሄዱና የዚያችን ክፍል ቆርቆሮ በሁለት በኩል ቆርጠው ጣሉት። «አቧራው ይምጣ» አሉ። «በር ቢሻክር ይታሻል፤ አንተ ብትጎድል ምን አሽቼ አመጣሃለሁ?» በቀጠሉት ወራት ደጅ ሆኜ ብረት ስፍቅ፣ ስለካ፣ ሄጄ በር ስገጥም ከረምኩ፤ ቀለም አልነካሁም። የገቢያችን ጉድለት በየሺ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በግ ሸጠች፣ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች አቀረበች። አንድ ቀን አልተማረረችም። አፌን ማሽተቷን ግን አልተወችም፤ «አሁን ሽንኩርት ብቻ ነው» ትለኛለች እየሳቀች።

ዐይኔን የምትከታተለው ሐኪም ሩቅ ናት፤ በመካከሉ ሐኪሜ እትዬ ዘነበች ሆኑ። በየቅዳሜው ክራቸው አጠገብ ቁጢጥ እላለሁ። «ቢጫውን አንሳ» ይሉኛል። ነጭ አነሳለሁ። «ይሁን፣ ሳምንት ና።» ገበያተኛው ከብቦ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይወራረዳል። ተስፋ ቆርጬ የቀረሁ ቅዳሜ ደሳለኝን ልከው አስመጡኝ። «እኔ ልጄን ለቅሶ ተቀምጬ አገኘሁት፤ አንተ ቢጫ ትፈራለህ?» አሉኝ።

አንድ ጠዋት ሥራ ስሄድ የውሃ ቦኖው ጋ የተሰለፉትን ጀሪካኖች አልፌ፣ ጥቂት ተራምጄ ቆምኩ። ተመልሼ አየሁ። ቢጫ ናቸው። የሰናፍጭ ዘይት መስለው ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸከመው የኖርኩት የውሃ ጀሪካን እንዲህ ውብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወረፋ የያዙት ሴቶች «ምን ሆነሃል?» ቢሉኝ «ጀሪካናችሁ ያምራል» አልኳቸው። ሟርተኛው አበደ ሳይሉኝ አልቀሩም።

ሰማያዊው ቆየ። ዛሬም ሲመሽ ከጥቁር ጋር ይምታታብኛል፤ ሐኪሟም ይህ ሊቀር እንደሚችል ነግራኛለች። በቀን ግን ተመለሰ። አሁን ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ከግራ ከቀኝ ክፍት በሆነው ክፍል፣ ጭንብሌን አድርጌ እቀባለሁ። በሮቼ እንደ ድሮው መስታወት አይደሉም። ቀርበው ካዩአቸው የላስታ አቧራ አለባቸው፤ አላፍርበትም። ወንድሞቼ፣ በር እንደገና ይቀባል። ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ከሆነ ወተት አትፈልጉ፤ በሩን ክፈቱ። ሐኪም ጋ ስትሄዱም ሥራችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

በቅርቡ ጋሸና በር ልገጥም ሄጄ ሰነበትኩ። የተመለስኩት በቅዳሜ ስለነበር እንደ ልማዴ በቀጥታ ወደ ገበያ ወረድኩ። እትዬ ዘነበች ቦታቸው ላይ ናቸው፤ አቀርቅረዋል። «ቢጫውን አንሳ» አላሉኝም። ነጠላቸውን አየሁ። ገልብጠው ነው የለበሱት፤ ጥለቱም ጥቁር ነው።

ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፤ ግን ዐይኔን አላመንኩትም። ከአሁን በኋላ ለእሳቸው ያንን ቃል ተሳስቼ ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። ቁጢጥ አልኩና ከክራቸው መካከል የዩኒፎርሙን ሰማያዊ መዘዝኩ፤ ቀስ ብዬ ጥለቱ ላይ አስጠጋሁት። ሁለት ናቸው። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «እግዜር ያጥናዎ።»

ቀና አሉ። ሐዘኑ የእናታቸው ነበር፤ በእርጅና፣ በሰላም፣ በሌለሁበት ሳምንት ያረፉ። እንባቸው እየወረደ እጄ ላይ ያለውን ሰማያዊ ክር አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። በሁለት እጃቸው እጄን ያዙት።

«እሰይ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አሁን አየህ።»